ግንቦትን የሚሻገር ኮምፒውተር

ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር የሚያፈላልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግራፊክስ ካርድ ነው። ሻጩም ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ፣ በእጅጌው ጠረግ አድርጎ የሚያሳየው እሱኑ ነው። ኤሌክትሪኩን ለሁሉም ክፍል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ መደርደሪያው ግርጌ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል፤ ስለሱ የጠየቀ ካለ "እሱማ ኬዙ ላይ አለልህ አቦ!" ይባላል። እኔ ድሬዳዋ ላይ ምርጫው ከዚያ ከግርጌው ካርቶን መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ግራፊክስ ካርድ ሲያረጅ ጌሙን ዝቅ ባለ ጥራት ያጫውታል፣ በዚያው ያበቃል። መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ማዘርቦርዱንም ካርዱንም አስከትሎ ሊሄድ ይችላል።

እስቲ አንዱን አንሱና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ የተጻፈውን "600 ዋት" ለጊዜው ተዉት። "+12 ቮልት" የሚለውን ዓምድ ፈልጋችሁ ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙት፤ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጠጡት ከዚህ መስመር ነው። 17 አምፔር የሚል ከሆነ 17 ጊዜ 12፣ 204 ዋት መሆኑ ነው። በ600 ዋት ስም 204 ዋት ሊሸጥላችሁ ነበር። የቀረው ከየት መጣ ቢሉ፣ የዛሬ ኮምፒውተር ብዙም ከማይነካቸው ከ3.3 እና ከ5 ቮልት መስመሮች ተለቃቅሞ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከየትም አልመጣም፣ ዝም ብሎ ተጽፏል። ደህና የሚባል ባለ 550 ዋት በዚያው ዓምድ 45 አምፔር ገደማ ያሳያል፤ 540 ዋት ማለት ነው። አምፔሩ ጭራሽ ያልተጻፈበትን ሳትከራከሩ መልሱት።

ቀጥሎ ጀርባውን አዙሩ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ካለው የድሮ አሠራር ነው። በስህተት 115 ላይ ቀርቶ የእኛ 220 ሲገባበት ይፈነዳል። የሚፈለገው ማዞሪያ የሌለው፣ "100–240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ያለው ነው። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ክፍል ስላለው፣ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ አምፖሉ ሲደበዝዝ፣ ቮልቱ 180 ቢወርድ እንኳ ሥራውን አያቋርጥም። ገመዶቹንም በጣት ዳሰስ አድርጉ፤ ላያቸው ላይ 18 የሚል የውፍረት ቁጥር መታተም አለበት። 20 ወይም 22 ካለ ቁጥሩ ስለ ጨመረ ደስ እንዳይላችሁ፣ ሽቦው የቀጠነ ነው። በእጅ መመዘንም ደግ ነው። ሀቀኛው ባለ 550 አንድ ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ እንደ ባዶ ጣሳ ብድግ የሚል ከሆነ ውስጡ ሙቀት አስወጪው ብረት፣ ሂትሲንክም፣ ትራንስፎርመርም በወጉ የለም።

"80 ፕላስ" የሚለው ማኅተም፣ ነሐስም ይሁን ወርቅ፣ የሚነግረን ስንት ኤሌክትሪክ በከንቱ ወደ ሙቀት እንደሚሄድ ነው። ፈተናው የሚሰጠው ግን 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ድሬ ላይ 23 ዲግሪ የታኅሣሥ አየር ነው። ስለዚህ ከማኅተሙ ይልቅ ካርቶኑ ላይ በትንሹ የሚጻፈውን ፈልጉ፦ ሙሉ ዋቱን የሚሰጠው እስከ 40 ዲግሪ ነው ወይስ እስከ 50? ባለ 40ው እኛ ጋ ከድንበሩ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ኬዝ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ ሁልጊዜ ይሞቃልና። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ፈሳሽ የያዙ ናቸው፣ ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቃቸዋል። ሙያተኞች በሚሠሩበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜያቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባለ 105 ዲግሪ ካፓሲተር ከባለ 85ቱ አራት እጥፍ ያህል ይከርማል የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ 250 ዋት ለሚበላ ማሽን 550 ዋት መግዛት ብክነት አይመስለኝም። ግማሽ ጭነት ላይ ሲሠራ ራሱም ይቀዘቅዛል፣ ፋኑም አይጮህም። ኮርሴር አርኤምኤክስና ሲሶኒክ ፎከስ ጂኤክስ የ10 ዓመት ዋስትና ይዘው ይወጣሉ። ዋስትናውን ድሬ ላይ ተቀብሎ የሚያስተናግድ ባይገኝም፣ አምራቹ በዕቃው ምን ያህል እንደሚተማመን ይናገራል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ኬዙን በባዶ እግር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆማችሁ ስትነኩት ጣትን ንዝር የሚያደርግ ነገር ካለ ግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር፣ ኬዙ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች ትንሽ ፍሰት ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ፤ ፍሰቱ መሄጃ ሲያጣ ኬዙ የመስመሩን ግማሽ ቮልት፣ 110 ገደማ፣ ይዞ ይቀመጣል። ለሰው ብዙ ጊዜ ከመንዘር አያልፍም። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲያገናኙት ግን ያ ቮልት በገመዱ በኩል ይወርዳል፤ "ገመዱን ስሰካው ፖርቱ ሞተ" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ገመድ ስትሰኩም ስትነቅሉም ሁለቱንም አጥፉ፣ ከግድግዳም ንቀሉ።

የችግሩ ምንጭ አንዳንዴ ዲቫይደሩ ነው። ላዩ ላይ ሦስት ቀዳዳ ይዞ የራሱ መሰኪያ ሁለት እግር ብቻ ያለው፣ በጎንና በጎኑም የብረት ልሳን የሌለው ዲቫይደር፣ ሦስተኛው ቀዳዳው ጌጥ ነው፤ ውስጡ ሦስተኛ ሽቦ የለም። ዲቫይደሩ ደህና ሆኖ ቤቱ ግራውንድ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ዘንግ ማስቀበር ነው። የእኛ አፈር አሸዋማና ደረቅ ስለሆነ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አይቀበልም። ዘንጉ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጥለቅ፤ ቦታው ደግሞ የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚፈስበት፣ ሁልጊዜ እርጥበት የማያጣ ይሁን። ከሰልና ጨው አብሮ መቅበር የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። አንድ ነገር ግን በምንም ተአምር አትፍቀዱ፦ ዘንግ ከመቅበር ይልቅ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን፣ የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ፣ ከግራውንዱ ጋር በአንዲት ሽቦ አገናኝቶ "ጨርሻለሁ" ማለት። ኒውትራሉ የተቆረጠ ቀን ኬዙ ራሱ 220 ይሆናል።

ኒውትራል ደግሞ ይቆረጣል። ንፋስ ምሰሶው ላይ ያለውን ማያያዣ ያላላዋል፣ ወይም ዝገት ይበላዋል፤ ያኔ በ380 ቮልት መስመር ላይ የተከፋፈሉት ቤቶች አንዱ ከመጠን በታች፣ ሌላው ከ220 እጅግ በላይ ያገኛል። መብራት ሲመለስም ያው ነው። የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ ባንዴ ሲነሳ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይጠፋል። ዕቃ የሚያቃጥሉት መብራቱ የጠፋባቸው ሰዓቶች አይደሉም፤ ከተመለሰ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ቮልት እያሳየ፣ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ ሲመለስም የተባለውን ያህል ጠብቆ የሚለቅ መሣሪያ። ለፍሪጅ ተብሎ የሚሸጠውም ይሆናል፣ ቁጥሩ የሚስተካከለው ግን ይሻላል። ላይኛውን 250 ገደማ፣ ታችኛውን 170፣ መጠበቂያውን ሦስት ደቂቃና ከዚያ በላይ አድርጉት።

ስታቢላይዘርስ? የድሬ ሰው ስታቢላይዘር ይወዳል፣ ለፍሪጅ ጥሩ ነው። ከ100 እስከ 240 የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ላለው ኮምፒውተር ግን ዝቅ ያለውን ቮልት ማንሳቱ ብዙ አይጠቅመውም። ርካሹ ስታቢላይዘር ውስጡ ያለው ሪሌ "ቋ" ባለ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ለቅጽበት ይቆርጣል። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ግብዓት የሚታገሰው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያረጀ ሪሌ ኮምፒውተሩን ጌም መሀል ሊያስነሳው ይችላል። በዚያ ገንዘብ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን፣ እገዛለሁ። 650 ቪኤ የተባለው በተግባር ከ360 እስከ 390 ዋት ይሸከማል። ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ በፍጥነት ሲመጠጥ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይሰጣል። 250 ዋት ጭነት ላይ የሚያገኙት ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። ጨዋታ ለመቀጠል የሚገዛው ሰው ይከፋዋል። ሞኒተሩንም እዚያው ላይ ሰኩ፤ በጨለማ ስክሪን ኮምፒውተር መዝጋት አይመችም። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ጭነት ላይ አድርጋችሁ ከግድግዳው ንቀሉት። ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣውን ሸካራ ሞገድ አንዳንድ አክቲቭ ፒኤፍሲ ስለማይወዱት ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል፣ ይህ ደግሞ ቤት ገብቶ የሚታወቅ መሆን የለበትም። የሊድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው 25 ዲግሪ ላይ ነው። በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራልና፣ ሌላ አገር አራት ዓመት የሚሄደው እኛ ጋ ሁለት ከሞላ ደግ ነው። ክዳኑ ተፈትቶ ባትሪው የሚለወጠውን ምረጡ፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚጋግረው የምዕራብ ግድግዳ ሥርም አታስቀምጡት።

ባዮስ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ አንዲት ነገር አለች፣ ብር የማታስወጣ። "ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ" የምትለውን "ፓወር ኦፍ" ላይ አድርጓት። መብራት መጣ ሄደ ሲል ኮምፒውተሩ አብሮ እየተነሳና እየወደቀ እንዳያድር።

ስለ ሙቀት ደግሞ እናውራ፣ ድሬ ላይ ሆኖ ይህን መዝለል አይቻልም። ካርድ የሚገመግሙት የውጭ ሰዎች ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ ነው የሚለኩት። "ሙሉ ጭነት ላይ 70 ዲግሪ" ካሉ፣ በግንቦት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 35 ዲግሪ ባለው የእኛ ክፍል ያው ካርድ 84 ነው። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ክፍሉ የጨመረውን ያህል ካርዱም ይጨምራል። በርካታ የኤንቪዲያ ካርዶች 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን መቀነስ ይጀምራሉ። ስለዚህ በግምገማ ላይ ጸጥ ብሎ ያየነው ካርድ እዚህ እየጮኸም እያዘገመም ይሠራል። ኮምፒውተር የሚበላው ዋት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ 250 ዋት የሚበላ ማሽን ማለት ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ተኩል በርጫ ላይ እንዳስቀመጡ ነው። ቬንትሌተር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም። መስኮቱ ከተዘጋ ያንኑ የሞቀ አየር ያዞረዋል።

ቤቱም ይለያያል። ከዚራ ሰፈር ያሉት የባቡሩ ዘመን ቤቶች፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ደጃቸው ዛፍ ያለው፣ ከቆርቆሮ ሥር ካለ የብሎኬት ክፍል ጋር አይወዳደሩም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ከመሸም በኋላ ወደ ታች ይለቀዋል፤ ኮርኒስ ከሌለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ ከውጭው ይብሳል። ሐረር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን በአንድ ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፣ ነገር ግን ክፍሉ ራሱ የሚቀዘቅዘው ያንን ከነትርፉ ይከፍለዋል።

እንግዲህ ካርዱ አሁን ይምጣ። የምመርጠው በዋት ነው። አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ 170 ዋት ይበላሉ። የ4060 ዋት ደስ ይላል፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪው ግን ካሁኑ ጠቧል። አዳዲስ ጌሞች ቴክስቸሩን ከፍ ሲያደርጉት 8 ጊጋ ሞልቶ መንተፋተፍ ይጀምራል፣ ይህንን ደግሞ የፕሮሰሰር ፍጥነት አያድነውም። ረጅም ዓመት የሚያስብ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ባለ 16 ጊጋ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ወይም ባለ 16 ጊጋ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ይፈልግ፤ አንደኛው 160 ሌላው 180 ዋት ነው። ከ200 ዋት በላይ የሚበላ ካርድ ኤሲ ለሌለው የድሬ ክፍል አልመክርም፣ ብሩ ቢኖርም። የአርቲኤክስ 3060 ባለቤት የሆነ ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍቶ ፓወር ሊሚቱን 75 በመቶ ላይ ያውርደው፤ 170ው 127 ይሆናል፣ የሚጠፋው ፍሬም (በሰከንድ የሚሠራው ምስል) ግን ከወረደው ዋት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ባለ 60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ላይ የሚጫወት ሰው ፍሬሙን 60 ላይ ካልቆለፈ፣ ስክሪኑ የማያሳየውን ፍሬም እያመረተ ክፍሉን ያሞቃል።

ያገለገለ ካርድ ስንገዛ የሚያስፈራው ማይኒንግ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ፣ ላይ የዋለው ነው። ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በካርድ መቆፈር ሲያቆም ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ካርዱ በቋሚ ሙቀት መሥራቱ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚያልቁት ፋኑና ሙቀት አሸጋጋሪው ንጣፍ፣ ቴርማል ፓዱ፣ ናቸው። የባሰው የስም ማጭበርበር ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ባለ 2048 ኮር ነው፤ ዋናው 2304 አለው። ሌላው ደግሞ የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚጠራ ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተጭበረበረ የኤንቪዲያ ካርድ ካየች ስሙ ፊት "ፌክ" ብላ ትጽፋለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጭነት ላይ ይቆይ። ሻጩ "አምስት ደቂቃ ይበቃል" ካለ እናንተ ሻይ እዘዙ።

ለፕሮሰሰር ብዙ አልጨነቅም። ለጌም ስድስት ኮር ያለው፣ 65 ዋት ደረጃ ያለው ይበቃል። ራይዘን 5 5600፣ ወይም አዲሱን መስመር ለሚፈልግ ራይዘን 5 7600። ኢንቴል አይ5 12400ኤፍም ጥሩ ነው፣ ሲጫን 117 ዋት እንደሚደርስ እያወቃችሁ። ያገለገለ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ባለ "ኬ" አይ7ና አይ9 ግን አትንኩ። ከመጠን ባለፈ ቮልት የተነሳ ውስጣቸው እንደሚጎዳ ኢንቴል ራሱ አምኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ማስተካከያ አውጥቷል፤ ማስተካከያው ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል፣ የተጎዳውን አይመልስም። ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም።

ዕድሜን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰሩ መቀመጫ፣ ሶኬቱ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተገዛ ኤኤም4 የሚባል የኤኤምዲ ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ፣ ባዮሱ ታድሶ፣ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ የሚቀበልበት ጊዜ መጥቷል። አምስት ዓመት አንድ ቦርድ ላይ። ኤኤም5 በ2022 ጀምሯል፣ ኤኤምዲም ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚቀጥልበት ተናግሯል። የኢንቴል 1700 ሶኬት በ14ኛው ትውልድ ዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ በትንሹ ጀምሮ ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰር ብቻ ለመቀየር የሚያስብ ሰው የኤኤም5ን ቢ650 ቦርድ ይያዝ፤ ብሩ የማይደርስለት በኤኤም4ው ቢ550ና በ5600 አያፍርም። ቦርድ ስትመርጡ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ጥቁር የፓወር ክፍሎች ላይ የብረት ሂትሲንክ መኖሩን እዩ። ራቁታቸውን ያሉ ከሆነ የእኛን ግንቦት አይችሉም። ሌላው ከጀርባ ያለችው የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ናት። ባዮስ ሲታደስ መብራት ከሄደ ቦርዱ ይሞታል፤ ይህች ቁልፍ ከፍላሽ ዲስክ ታስነሳዋለች። ቁልፏ የሌለው ቦርድ ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አይታደስበትም፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ከቢሮ የወጡትን ዴልና ኤችፒ ሳጥኖች ማንሳት ግድ ነው፣ ገበያው በእነሱ የተሞላ ነውና። "ካርድ ጨምርበት፣ ጌም ኮምፒውተር ይሆንልሃል" ይባላል። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ዓይነት መሰኪያ ያለው ነው፤ ሲቃጠል ከገበያ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምበትም። ለካርድ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድም የላቸውም። ቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ውስጥ ደግሞ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። ለጽሕፈት የሚሆን ዕቃ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለው ወደ ዊንዶውስ 11 በመደበኛው መንገድ አይሸጋገርም።

ራም፦ ሁለት ፍሬ ይሁን፣ አንድ ትልቅ አይሁን። 16 ጊጋ ሁለት ባለ 8፣ ከተቻለ 32። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ገበያ ዋጋው ስለናረ ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፣ ሜምቴስት86 የሚባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ይፈትሸው፤ አንዲት ስህተት ካወጣ ይመለሳል። ኤስኤስዲ፦ አንድ ቴራባይት፣ የሜሞሪው ዓይነት ቲኤልሲ የሚል እንጂ ኪውኤልሲ ያልሆነ። የታወቁት ባለ አንድ ቴራዎች 600 ቴራባይት የመጻፍ ዋስትና ይዘው ይመጣሉ፣ ተጫዋች ሰው በብዙ ዓመት አይጨርሰውም። ስፋቱ በውሸት የተጻፈ ስላለ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም እስከ ጥጉ ሞልቶ ያንብበው።

ማቀዝቀዣው ላይ ከብዙ ልጆች ጋር አንስማማም። በውኃ የሚሠራው ያምራል፣ መብራትም አለው። ፈሳሹ ግን በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ እያለ ይተናል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ፓምፑም አንድ ቀን ይቆማል፤ የቆመ ዕለት መለዋወጫ የለም፣ ሙሉው ይጣላል። የአየሩ ታወር ከብረትና ከአንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን በቀር የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ፋኑ ከሞተ ማንኛውም ባለ 120 ይተካዋል። ከ65 ዋት ደረጃ ፕሮሰሰር ጋር አንዱ ታወር ይተርፈዋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከመሀል እየተገፋ ይወጣል፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ይቀየር። ፒቲኤም7950 የሚባለው እንደ ወረቀት የሚለጠፍ ዓይነት 45 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚለሰልስ ቦታውን ሞልቶ ይቀራል፣ አይገፋም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ኬዙ ፊቱ ወንፊት ይሁን። መስታወት ፊት ያለው ኬዝ ድሬ ላይ ምድጃ ነው። ከፊት ሁለት ፋን እያስገቡ፣ ከኋላ አንድ ያስወጣ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቧራም በወንፊቱ በኩል ብቻ ይመጣል። ለማረጋገጥ ቁራጭ ሶፍት ከኋላ ካለ ክፍት ቀዳዳ አጠገብ ያዙ፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ የኋላው ፋን በርትቷል፣ ዝቅ አድርጉት። ወንፊቱ ከደቻቱ ወንዝ የሚነሳውን ደቃቅ አሸዋ አይዝም፤ ከውስጥ በኩል የሴት ስቶኪንግ ወጥሮ ማሰር ይሠራል፣ በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ። ስቶኪንጉ ሙቀቱን ከአራት ዲግሪ በላይ ካስጨመረ ድርብ ሆኗልና አንዱን አንሱ። ከኋላ ያሉት ባዶ የካርድ ቀዳዳዎች ክዳን ይኑራቸው፤ እንሽላሊት ሞቅ ያለ ቦታ ትወዳለች። ከሰዓት ላይ ወለሉ ውኃ የሚደፋበት ቤት ከሆነ ኬዙ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

አቧራውን ለማውጣት ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት የተለመደ ነው። ኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር ይረጫል፤ ግፊቱም ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የእጅ መንፊያ ይበቃል። ደጅ አውጥቶ፣ ፋኑን በጣት ይዞ፣ ከላይ ወደ ታች።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያበቃ ፈተናው በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር አይደረግ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ እንደ ወትሮው ሆኖ፣ ኬዙ ተዘግቶ፣ የሚከብደው ጌም አንድ ሰዓት ይሂድ። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱንና የኤስኤስዲውን ከፍተኛ ዲግሪ ይመዘግባል። ሦስቱን ቁጥር፣ የክፍሉን ሙቀትና ቀኑን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከጎኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። በዓመቱ በዚያው ወር ድገሙት። ከክፍሉ ጋር ያለው ልዩነት ከስምንት ዲግሪ በላይ ጨምሮ ከተገኘ መጀመሪያ ስቶኪንጉ ይታጠብ፣ ቀጥሎ የሂትሲንኩ ክንፎች በብሩሽ ይጠረጉ። ያ ሁሉ ሆኖ ካልወረደ ፔስቱ ደርቋል፤ ካቻቪቴ አምጡ።